ዜና ታላቁ አንዋር መስጊድ

በጁባ ከተማ፣ በጉዴሌ ሰፈር፣ ከሀገራቸው ርቀው ለሚያድጉ ልጆቻችን ይነገር ዘንድ ይህን ዜና ጻፍን።

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያው ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። በዓመቱ፣ የካቲት 12 ቀን፣ በኢጣልያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ቢጣል የከተማው ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ተፈጀ፤ ቤቱም ተቃጠለ። ወር ሳይሞላ በመጋቢት የኢጣልያ መሪ ሙሶሊኒ ወደ ሊቢያ ተሻግሮ፣ በፈረስ ተቀምጦ ሰይፍ ተቀበለ፤ የእስልምና ጠባቂ ነኝም አለ። የሊቢያውን አርበኛ ዑመር ሙክታርን በስቅላት ከገደለ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። እኛም ይህን የጻፍነው ጠላት ለእስልምና ፍቅር እንዳልነበረው ሰው ሁሉ እንዲያውቅ ነው፤ ሐሳቡ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ለያይቶ መግዛት ነበርና።

በዚያም ወራት ጠላት ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ እርሱም መርካቶ ነው። በዚያ ስፍራ ታላቁ አንዋር መስጊድ ተሠራ። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲወጣ መስጊዱ ለሕዝቡ ቀረ። ሠሪው ያሰበው ሌላ፣ የሆነው ሌላ ነው። ከቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጋር ጎረቤት ሆኖ እስከ ዛሬ አለ፤ ደወሉና አዛኑ በአንድ ገበያ ላይ ይሰማሉ። ጁምዓ ቀን ቀትር ሲሆን ነጋዴው ሱቁን ይዘጋል፤ ውዱእ አድርጎ ይፈጥናል። ግቢው ሲሞላ የተረፈው ሰው አስፋልቱ ላይ ምንጣፍ ያነጥፋል፤ ምንጣፍ ያጣም ካርቶን ይዘረጋል፤ ተሸካሚውና ባለሀብቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰግዳሉ።

በሩቅ ደሴት፣ በጃካርታ፣ የኢንዶኔዢያ ሰዎች ከሆላንድ ነጻ ስለ ወጡ ኢስቲቅላል የተባለውን መስጊድ ሠሩ፤ ንድፉን ያወጣው ሲላባን የተባለ ክርስቲያን ነው፤ በካቴድራል ፊት ለፊትም ቆሞ በ1970 ዓ.ም. ተመረቀ። እነዚያ ነጻ ከወጡ በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው ሠሩት። የእኛ ሰው ግን ጠላት የሠራለትን ቤት የራሱ ለማድረግ ብዙ ደከመ።

በ1961 ዓ.ም. ሼህ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተረጎሙት ቁርኣን በአማርኛ ታተመ። በ1966 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ በአዲስ አበባ ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ ሆነ፤ መቶ ሺህ የሚያህል ሰው ወጣ፤ ክርስቲያኖችም ከወንድሞቻቸው ጋር ተሰለፉ። የጠየቁትም በዓላቸው እንዲከበር፣ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ በገዛ ሀገራቸው እንደ እንግዳ ሳይቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንዲባሉ ነበር። በእኛ ዘመን ከተደረጉ ሰልፎች ሁሉ ይህን እናከብራለን፤ ጠላት ሊለያየው የደከመበት ሕዝብ በአንድ መንገድ አብሮ ሄዷልና። አዲሱ ዓመት እንደ ገባ ንጉሡ ወረዱ። ሥልጣኑን የያዘው ደርግም ዒድ አልፈጥርን፣ ዐረፋንና መውሊድን የሀገር በዓል አደረገ።

በ1987 ዓ.ም. በየካቲት በአንዋር መስጊድ ግቢ ጠብ ተነሣ፤ ሰውም ሞተ። በ2004 ዓ.ም. «ድምፃችን ይሰማ» የሚል ጥያቄ ከአወሊያ ትምህርት ቤት ተነሥቶ ወደ አንዋር መጣ። ሰጋጁ ጁምዓ በጁምዓ ተሰብስቦ እጁን እንደ ታሰረ ሰው አጣምሮ ወደ ላይ ያነሣ ነበር። መሪዎቹ ታሰሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በኋላም ተፈቱ። በ2012 ዓ.ም. የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ።

በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው በሸገር ከተማ መስጊዶች ፈረሱ። ግንቦት 18 ቀን፣ ዓርብ፣ ሰጋጁ በአንዋር ተቃውሞውን አሰማ፤ ጥይት ተተኮሰ፤ ሰዎችም ሞቱ። በሳምንቱ ዓርብ ሕዝቡ እንደገና ወደ መስጊዱ መጣ፤ ያን ቀንም ደም ፈሰሰ።