የቆሰለ ወታደር ማደሪያ፤ የሮም ታሪክና የእኛ ዕዳ

በሮም ከተማ፣ በቲቤር ወንዝ ዳር፣ ከካስቴል ሳንታንጀሎ አጠገብ፣ «ካሳ ማድሬ ዴይ ሙቲላቲ» የሚባል ግዙፍ ሕንፃ ቆሟል። ወደ ቋንቋችን ስንመልሰው «የጦር አካለ ስንኩላን እናት ቤት» ማለት ነው። የነደፈው ማርቼሎ ፒያቼንቲኒ ሲሆን፣ የተመረቀው ኢጣልያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ድል ያደረገችበት 10ኛ ዓመት በተከበረበት ዕለት፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1928 ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።) ማሪዮ ሲሮኒ ከ1936 እስከ 1938 ባለው ጊዜ በዚያ ከሣላቸው የግድግዳ ሥዕሎች አንደኛው «ንጉሥ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ስያሜ አለው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ንጉሠ ነገሥትነት የማን አገር ዘውድ እንደ ነበረ አይጠፋውም።

ስለዚህ ሕንፃ የምንጽፈው የቆየ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የጦር ጉዳተኛ ከሕግ አውጪ ዘንድ ምን ሊጠይቅ ይችላል፣ ጥያቄውስ ሲመለስለት ምን ዋጋ ይከፍላል የሚለውን ለመመርመር ከሮም የተሻለ ቦታ ስለማናውቅ ነው። ምርመራውም የሚያደርሰን ወደ ራሳችን ደጃፍ ነው።

የሁለቱ አገሮች የአካለ ስንኩላን ታሪክ የተጠላለፈው ገና በዐድዋ ነው። በ1896 ከጦርነቱ በኋላ ከተማረኩት የኢጣልያ አስካሪዎች መካከል ስምንት መቶ ያህሉ በከዳተኛነት ተፈርዶባቸው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ስለ ድላችን ስንጽፍ ይህን ምዕራፍ ማለፍ ይቀናናል፤ ነገር ግን የእኛው ወገኖች ነበሩ። የእነርሱን ዕጣ የሰማው የኤምፖሊው ሐኪም ጁሊያኖ ቫንጌቲ፣ በተቆረጠው ክንድ ላይ የቀረው ጡንቻ ሰው ሠራሽ እጅን ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል አስቦ ሐሳቡን በ1898 አሳተመ። ዘዴው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፓውያን ቁስለኞች ጠቀመ። ከሐበሻ አካል የተቀዳ ዕውቀት ለአውሮፓዊ አካል መጠገኛ ሆነ ማለት ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኢጣልያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አካለ ስንኩላን ተሸከመች። የሮም ፓርላማም ጦርነቱ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ በማርች 25 ቀን 1917 በወጣው በሕግ ቁጥር 481 የጦር ጉዳተኞችን የሚጠብቅና የሚረዳ ብሔራዊ ድርጅት አቋቋመ። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ጉዳተኞቹ ራሳቸው በሚላኖ ተሰብስበው ብሔራዊ ማኅበራቸውን መሠረቱ። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ቁም ነገር አለ። ሕጉ ከላይ ሲወርድ ማኅበሩ ከታች ወጣ፤ ሁለቱ በመገናኘታቸውም በ1921 የወጣው ሕግ ቁጥር 1312 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የግል ድርጅቶች የጦር ጉዳተኞችን የመቅጠር ግዴታ እንዲኖርባቸው አደረገ። ይህ የምጽዋት ሕግ አልነበረም። እጁን ያጣው ሰው በደመወዙ ኪራይ ከፍሎ በቤቱ እንዲያድር ያሰበ ሕግ ነበር።

ይሁንና ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከ1922 በኋላ ፋሽዝም ሥልጣን ሲይዝ ማኅበሩን አላፈረሰውም፤ አቀፈው። በጦርነቱ ሁለቱንም ዓይኖቹንና ሁለቱንም እጆቹን ያጣው ካርሎ ዴልክሩዋ የማኅበሩ መሪም የፓርላማ እንደራሴም ነበር። እናት ቤቱ የተሠራው በዚህ ዘመን ነው። ጉዳተኛው ክብር አገኘ፣ ሰልፍ መሪ ሆነ፣ ሐውልት ቆመለት። በለውጡ ግን የራሱን ቃል አስረከበ። በ1917 መብቱን ለመጠየቅ የተሰበሰበው ማኅበር፣ በ1935 ሌላ ትውልድ ለመቁሰል ወደ ኢትዮጵያ ሲዘምት ድምፁን ለተቃውሞ አላሰማም። የዘማቹ ማቋቋሚያም የሌላ ሰው መሬት ሆነ። በዲሴምበር 1917 የተቋቋመው የዘማቾች ብሔራዊ ድርጅት በ1930ዎቹ ከሮም በስተ ደቡብ ያለውን የፖንቲና ረግረግ አድርቆ ሰፋሪዎችን ሲያስቀምጥ ከቆየ በኋላ፣ አገራችን ስትወረር በሆለታና በቢሾፍቱ ሰፊ እርሻዎችን ያዘ። የታቀደው ብዙ ሺህ ቤተሰብ ለማስፈር ነበር፤ የሠፈረው ግን ጥቂት ነው። ለአንዱ ወታደር ቤት ለመስጠት የሌላው ገበሬ ቤት መፍረስ ካለበት፣ ያ ሕግ ፍትሕ ሊባል አይችልም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው ሥርዓት ሌላ መንገድ ተከተለ። በ1948 ሥራ ላይ የዋለው የኢጣልያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 መሥራት ለማይችልና መተዳደሪያ ለሌለው ዜጋ የመጦር መብት ሰጠ። በ1949 የወጣው «ኢና ካሳ» የሚባለው ሕግ ከሠራተኛው ደመወዝ፣ ከአሠሪውና ከመንግሥት ገንዘብ እየሰበሰበ እስከ 1963 ድረስ 355 ሺህ ያህል መኖሪያዎች አሠራ፤ በሮም የቲቡርቲኖ ሰፈር የዚህ ፍሬ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጦር ሜዳ ሳይሆን በሥራና በበሽታ የተጎዱት ዜጎች በምርኩዝና በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ሮም ተመሙ፤ በ1971 የወጣው ሕግ ቁጥር 118 ከዚህ ግፊት የተገኘ ነው። በ1989 ደግሞ ሕግ ቁጥር 13 በግል መኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ ደረጃና ጠባብ በር እንቅፋት እንዳይሆን ደነገገ፤ ጎረቤቶች ቢቃወሙ እንኳ ጉዳተኛው በራሱ ወጪ የደረጃ ማንሻ እንዲያስተክል ፈቀደ፤ ለወጪው ማገዣም የመንግሥት ገንዘብ መደበ። ቀድሞ ለዘማቹ ብቻ የተሰጠው ቀስ በቀስ የዜጋ ሁሉ መብት ሆነ። ከሮም ታሪክ የምንማረው ዋናው ትምህርት ይህ ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በጥንቱ ሥርዓት ወታደር በደመወዝ ፈንታ የሚሰጠው መሬት «ማደሪያ» ይባል ነበር። ቃሉ ራሱ ይናገራል፦ የሚያድርበት ማለት ነው። ነገር ግን ማደሪያ የሚጸናው አገልግሎቱ እስካለ ድረስ ነበር፤ የቆሰለውና ማገልገል ያቃተው ሰው ዋስትናው የጌታው ቸርነት ነበር። ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለአርበኞችና ለስደተኞች መሬት ሰጥተዋል፤ ይሁን እንጂ በስጦታና በመብት መካከል ያለውን ገደል ብዙ አርበኛ በደጅ ጥናት ለክቶታል። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ወታደሩን ጨምሮ ለመንግሥት አገልጋዮች ቋሚ አበል አስገኘ፤ ስለ መኖሪያ ቤት ግን የጡረታ ሕግ የሚለው አልነበረውም።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ከዚያ ወዲህ የድሃ ጉዳተኛ መጠጊያ የቀበሌ ቤት ሆነ። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላም ደርግ በደብረ ዘይት «ጀግኖች አምባ»ን ለአካለ ስንኩላን ወታደሮች አደራጀ። ይህች ደብረ ዘይት የዛሬዋና የጥንቷ ቢሾፍቱ መሆኗን አንባቢ ያስታውሳል፤ የሮም ዘማቾች ሊሰፍሩባት የታሰበችው ምድር ከአርባ ዓመት በኋላ የእኛኑ ቁስለኞች አሳረፈች።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። 450 ሺህ ገደማ የሚሆን ሠራዊት ተበተነ፤ የቀድሞው ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽንም ተሰየመ። ወደ ገጠር ለተመለሰው በሬና ዘር፣ በከተማ ለቀረው ስንቅና ጥቂት ገንዘብ ታደለ። ሥራው የሚናቅ አልነበረም። ቢሆንም እግሩን በናቅፋ ወይም በምጽዋ ትቶ የመጣው ሰው በአዲስ አበባ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ አሮጌውን የወታደር ካፖርት እንደ ለበሰ፣ እጁን ሲዘረጋ ያላየ የእኛ ትውልድ ሰው የለም። ብዙዎቻችን፣ ደርግን ሸሽተን የወጣን ምሁራን፣ ያን ሰው ከሥርዓቱ ለይተን ማየት አልቻልንም ነበር። ይህን ስሕተታችንን ማመን ይገባናል። ወታደሩ የተላከ ነው፤ የላከውም በኢትዮጵያ ስም የሚናገር መንግሥት ነው። ዕዳው ከመንግሥት ወደ መንግሥት ይተላለፋል እንጂ ከቤተ መንግሥቱ ነዋሪ ጋር አይሰደድም።

ከዚያ ወዲህ ከ1998 እስከ 2000 የተካሄደው የኤርትራ ጦርነት፣ ከ2020 እስከ 2022 ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ሌሎች ጉዳተኞችን ጨመሩ። ሕጋችን ባዶ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁም ያዛል። በ2009 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለጉዳተኛ የሚመቹ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ነገር ግን በ2004 ከተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ አብዛኛው አሳንሰር የሌለው ባለ አራት ፎቅ ነው፤ ለመግባትም ቅድሚያ ቁጠባ ይጠይቃል። የቀበሌው ጭቃ ቤት ለልማት ሲፈርስ በምርኩዝ የሚሄደው ተከራይ ምርጫው ሊከፍለው የማይችለው ዕጣ ወይም ሊወጣው የማይችለው ደረጃ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሊቀርብ የሚገባው ጥያቄ አራት ነጥብ አለው ብለን እናስባለን። አንደኛ፣ የጦር ጉዳተኛ የመኖሪያ ቤት ድጋፍ በመመሪያና በባለሥልጣን ፈቃድ ሳይሆን በአዋጅ ይደንገግ፤ የተነፈገ ሰው ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻለው። ሁለተኛ፣ የድጋፉ መለኪያ የቁስሉ ክብደትና የኑሮው ችግር ይሁን እንጂ በየትኛው ሰንደቅ ዓላማ ሥር፣ በየትኛው ወገን ተሰልፎ ቆሰለ የሚለው አይሁን። ሦስተኛ፣ ቤት ማለት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ስላልሆነ፣ የምድር ቤቶች ለጉዳተኞች ይጠበቁላቸው፤ በሩና መጸዳጃው በሰው ሠራሽ እግርና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ይመች፤ ለማሻሻያውም በጀት ይመደብ። አራተኛ፣ የጉዳተኞች ማኅበራት ከማንኛውም ገዢ ፓርቲ ነጻ ይሁኑ። ይህን የመጨረሻውን የሚያስተምረን ያ በቲቤር ዳር የቆመው ሕንፃ ነው።

የአገር አቅም ትንሽ ነው የሚል መልስ እንደሚሰጥ እናውቃለን። እውነትም ትንሽ ነው። ነገር ግን ለማዝመት በቅቶ ለማሳደር የማይበቃ አቅም ካለ፣ ጉድለቱ ከገንዘብ ይልቅ በቅደም ተከተል ላይ ነው። በውጭ የምንኖር የታሪክ ተማሪዎች ድርሻችን ድንጋይ ማቅረብ ሳይሆን ሰነድ ማቅረብ ነው፤ የሌላውን አገር ሕግ ከነበጎውና ከነክፉው አጥንተን ለሕግ አውጪዎቻችን ማቅረብ ይጠበቅብናል። አባቶቻችን ለወታደር የሚሰጠውን «ማደሪያ» ሲሉ ቃሉን በትክክል አውጥተውታል። የጎደለው ቆስሎ ለተመለሰውም ሰው ያ ማደሪያ እንዲጸናለት የሚያደርግ ሕግ ነው።