ነሐሴ ላይ የሚዘራ ጎመን

በፎገራ ሜዳ ያደገ ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በውሃ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ክረምት ላይ ሜዳውን ይሞሉታል። ውሃው ሲጎድል በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ጣና ዳር ያሉት ደግሞ ሐይቁ ወደ ኋላ በተመለሰ ቁጥር እየተከተሉ ያርሳሉ፤ ባሕር ሸሽ ይሉታል። በዋንዛዬ ፍል ውሃ በኩል ባለው የጉማራ ዳርቻ፣ ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲጠነክር፣ የውሃ ሞተር ይተከልና ሽንኩርትና ቲማቲም ውሃ ይጠጣል። በፎገራዋ ወረታ ሳድግ ብርድን ፈርቶ ወይም የቀኑን ርዝመት አስልቶ የሚዘራ ገበሬ አላየሁም። የሁሉም ጥያቄ ውሃው መቼ መጥቶ መቼ ይሄዳል የሚል ነበር።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት ሲኖረን ይዤ የገባሁት ዕውቀት ይኸው ነው። እዚህ ግን ዝናቡ ክረምትና በጋ ብሎ አይለይም፤ ዓመቱን ሙሉ ይጥላል፣ ሲጠፋም ቧንቧ አለ። አትክልቱን የሚያዙት ውርጭና ብርሃን ናቸው። ጓሮ መሥራትን እንደ አዲስ የተማርኩት እነዚህን ሁለቱን በመከተል ነው፤ ያስተማረኝም መጽሐፍ ሳይሆን መሬት ላይ የወደቀው ዘር ራሱ ነው።

መጀመሪያ ያስተማረኝ ሽንኩርት ነው። ፎገራ ላይ ሽንኩርት ማለት ገንዘብ ነው። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ችግኙ ይተከላል፤ በበጋው መጨረሻ በኩንታል እየተጫነ ከወረታ ይወጣል። የሁሉም ማሳ ባንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወርዳል፤ ሽንኩርት ደግሞ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። እንዲያም ሆኖ በዓመቱ ይተከላል። እዚህ ዘሩን ስመርጥ ለአገር ቤቱ ቅርብ የሆነውን፣ የአጭር ቀን ሽንኩርት የሚሉትን ቀይ ዓይነት ገዛሁና ሚያዝያ ላይ ተከልኩት። ቅጠሉ ገና ክር እንዳከለ ራስ መያዝ ጀመረ። ሰኔ ላይ ሲነቀል ራሱ ከአንድ የነጭ ሽንኩርት ፍንካች ብዙም አይበልጥም ነበር። ውሃም ፍግም አልጎደለበትም።

ነገሩ የብርሃን ነው። ወረታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች አጭሩ ቀኗ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ረጅሙም 13 ሰዓት አይሞላም። ሲልቨር ስፕሪንግ 39 ዲግሪ ላይ ናት፤ ታኅሣሥ ላይ 9 ሰዓት ተኩል የነበረው ቀን ሰኔ ላይ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል። ሽንኩርት ራስ የሚይዘው የቀኑ ርዝመት ለዝርያው የሚበቃው ልክ ላይ ሲደርስ ነው። የአጭር ቀኑ ዓይነት ከ11 እስከ 12 ሰዓት ይበቃዋል፤ እዚህ ሚያዝያ ላይ ቀኑ ያንን አልፎታልና ተክሉ ቅጠል ሳይጠግብ ወደ ራሱ ይዞራል። በደቡብ ቴክሳስና በጆርጂያ ይህንኑ ዓይነት ክረምታቸው ሳይገባ ይተክሉትና በጸደይ ያነሡታል፤ ከፎገራ አተካከል ብዙ አይርቅም። ለኛ ሰፈር የሚስማማው መካከለኛ ቀን የሚባለው ወገን ነው። ካንዲ የሚሉትን ዝርያ ከያዝኩ ወዲህ ከጓሮዬ የሚወጣው ሽንኩርት ለወጥ ይበቃል።

ይህን ያነሣሁት ለጎመኑ ብዬ ነው። አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጎመን ሲያምረው የሚገዛው ኮላርድ ነው፤ ምግብ ቤቶቻችንም የሚያቀርቡት በአብዛኛው እሱን ነው። ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ለመብሰልም ጊዜ ይፈልጋል። ከሐበሻ ጎመን ጋር ግን ባዳ አይደሉም። ተመራማሪዎች ብራሲካ ካሪናታ የሚሉት የሐበሻ ጎመን በጥንት ዘመን ሁለት ተክሎች ተዳቅለው ያስገኙት ነው፤ አንዱ ወላጁ ጥቁር ሰናፍጭ ሲሆን ሌላው ኮላርድና ጥቅል ጎመን የወጡበት ወገን ነው። ይህን ዝምድና በ1935 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጃፓን ውስጥ ይሠራ የነበረ ዩ የተባለ ተመራማሪ አሳይቷል። አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርገው፣ ኮላርድ ላይ የምናጣው ጣዕም ከሰናፍጩ በኩል የመጣ ነው። እኔ ጓሮዬ ውስጥ የፈለግሁትም ያንን ጣዕም ነው።

ዘር ከአገር ቤት ይዞ መግባት የተክል ጤና ምስክር ወረቀት ወይም ፈቃድ ይጠይቃል። ደግነቱ ጎመናችን እኛን ቀድሞ ገብቷል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ ከዚሁ ተክል መርጦ ቴክስል የሚባል ዝርያ አውጥቷል፤ ዛሬም ዘሩን የሚሸጡ አሉ። ዋሽንግተን ያለው የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም ቤልትስቪል ባለው የምርምር እርሻው ከአፍሪካና ከሌላውም አገር ከመጡ ሰዎች ማዕድ የማይጠፉ አትክልቶችን ሲሞክር ቆይቷል። የፍሬው ዘይት ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል። ጥቅምት 2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ከጎመን ዘር በተሠራ ነዳጅ ብቻ በረረ፤ በ2018 ካንታስ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ሲሄድ ይኸው ዘይት ከነዳጁ ተደባልቆለት ነበር። እናቶቻችን የምጣድ ማሰሻ የሚያደርጉት ጎመን ዘር ይህን ያህል መሄዱን ስሰማ ኩራት ተሰማኝ፤ አሁንም ይሰማኛል።

ጎመን ብርድ ይችላልና መጋቢት ላይ ዘራሁት። ቶሎ በቀለ። ወዲያው ሲነኳት የምትፈናጠር ጥቃቅን ጥቁር ጥንዚዛ መጥታ ቅጠሉን ወንፊት አደረገችው። ለዚህ መድኃኒት አላስፈለገም፤ ከተዘራበት ቀን ጀምሮ መደቡን በስስ ነጭ ጨርቅ መሸፈን፣ ጠርዙንም አፈር መጫን በቂ ነው። ከባዱ ቀጥሎ የመጣው ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ገና ቅጠል መቀንጠስ ስንጀምር፣ ተክሉ አንገቱን አውጥቶ አበባ ያዘ። ውሃ ብጨምርም፣ አበባውን ብቀነጥብም፣ ጥላ ባደርግለትም አልተመለሰም። ረጅም ቀንና ሙቀት ሲገናኙ የሐበሻ ጎመን ወደ ፍሬው ይቸኩላል። ሽንኩርቱን ያጠፋው ብርሃን ጎመኑንም ያዘው ማለት ነው።

እንግዲህ ብርሃኑን መቀየር ካልተቻለ የሚቀየረው የሚዘራበት ወር ነው። አገር ቤት ጎመን ዝናቡ ሲጀምር ተዘርቶ ክረምቱን፣ እህል ሳይደርስ ጎተራው ሲራቆት፣ ቤተሰብ ይዞ የሚያሳልፍ አትክልት ነው። እዚህ ነሐሴ ላይ ዘራሁት፤ ቀኑ ማጠር በጀመረበት፣ ሙቀቱም ሊበርድ ሲል። መስከረም ላይ ተቀነጠሰ፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቅጠሉ ሰፋ፣ ለሰለሰም። ቀላል ውርጭ ሲያርፍበት ደግሞ ጣዕሙ ይጣፍጣል፤ አበባ የሚባል ነገር አላሰበም።

የመጋቢቱንም አልተውኩትም። አበባ የያዘውን ሳልነቅል ብተወው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዘር አደረሰ። የሐበሻ ጎመን በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ፍሬ ይይዛል፤ ፍሬው የተቋጠረበት ቅርፊትም ሲደርቅ በቀላሉ አይራገፍም፤ ስለዚህ በአንድ ከረጢት ላይ መውቃት ይበቃል። ያ ዘር በሳምንቱ መሬት ይገባል። አሁን በጸደይ የምዘራው ለዘር ነው፣ ነሐሴ ላይ የምዘራው ለቅጠል፤ ጓሮው የራሱን ዘር እየሰጠ ይኖራል። 

ባዳ ተክል አልምዶ የራስ ማድረግ ለወረታ ሰው አዲስ አይደለም። ዛሬ ፎገራ ሲባል የሚታወሰው ሩዝ በአባቶቼ ወጣትነት ዘመን አልነበረም። ውሃ የሚተኛበት ሜዳ የፎገራ ከብት ግጦሽ ነበር። በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ በገበሬዎች ማኅበራት ማሳ ተሞከረ፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከነዚያ ማኅበራት አንዱ ከነበረበት ከጅግና ነው። ምን እንደሚሆን እንኳ በውል የማያውቁት እህል ከጤፍ ዱቄት ጋር እየተቀላቀለ እንጀራ ሆነ፣ ኋላም ነጭ ወርቅ ተባለ። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው ወረታ ነው። ግጦሹ በመጥበቡ የፎገራ ከብት መመናመኑ ያሳዝነኛል፤ ያ ሰፊ ሜዳና ያ ትልቅ በሬ አብረው ነበር የሚታወቁት። ግን ያን ጊዜ ዘርተው ያዩ፣ እንደገና የዘሩ ሰዎች ልጅ መሆኔን እዚህ ጓሮ ውስጥ አስባለሁ።

ከጎመኑ ቀጥሎ ሌሎቹ ተከተሉ። በሶብላ ሙቀት ወዳጅ ነው፤ ከግንቦት አጋማሽ በፊት ውጭ አይወጣም፣ የመጀመሪያው ውርጭ በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ አበባው ከነግንዱ የሚታጨደው መስከረም ላይ ነው። ኮሰረት ክረምቱን የሚያሳልፈው ቤት ውስጥ፣ በማሰሮ፣ መስኮት ሥር ነው። ጤና አዳምም እንዲሁ። እዚህ የችግኝ መሸጫዎች የሚሸጡት ሌላ ዝርያ ነው፤ ይመሳሰላሉ፣ ቡና ውስጥ ግን የኛው ይበልጣል። ሁለቱንም የጤና አዳም ዓይነቶች ፀሐይ ላይ ሆኖ በባዶ እጅ መቁረጥ አይገባም፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሲያርፍና ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃም ያስቋጥራል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ መታወቅ አለበት።

አጋዘኑ አጥር ይፈልጋል፤ ቀዩ ሸክላማ አፈር ደግሞ ኖራና ብስባሽ። ጥቁሩን የፎገራ መሬት ያየ ሰው ይህን አፈር መጀመሪያ ሲያየው ይከፋዋል፤ ምርመራ አድርጎ አሲዳማነቱን ካወቀና በየዓመቱ ቅጠል ካበሰበሰበት ግን ያበላል።

ዘሩ አሁን ከእኔ ጓሮ ወጥቷል። ከቅዳሴ በኋላ በትናንሽ ፖስታ እየቋጠርኩ እሰጣለሁ፤ በላዩም ነሐሴ ይዘራ ብዬ እጽፋለሁ። ባለፈው አንዲት የደብረ ታቦር እናት ሚኒሶታ ላለችው ልጃቸው ሊልኩላት ወሰዱና፣ «ልጄ፣ እዚያስ ነሐሴ ይሆናል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «አይሆንም እትዬ፣ እዚያ ውርጩ መስከረም መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ቅጠሉ ለመቀንጠስ ሁለት ወር ያህል ይፈልጋልና ከዚያ ወደ ኋላ ትቁጠር፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ትዝራው» አልኳቸው። ፖስታው ላይ ነሐሴን ሰርዘው ሐምሌ ብለው በእጃቸው ጻፉበት።