ከአንድ ፕላስቲክ የተሠራ እግር

የወጌሻ ማሰሪያ ከልክ በላይ ጠብቆ የደም ዝውውሩን በማቋረጡ እግሩ የሞተበት ሕፃን በአገራችን የቀዶ ሕክምና ክፍሎች እንግዳ አይደለም። ሕፃኑ የመካነ ሰላም ወይም የአቀስታ ልጅ ከሆነ፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ለሰው ሠራሽ እግር ወደ ደሴ መጓዝ ይኖርበታል። ባደገ ቁጥርም ጉዞው ይደገማል። እግሩ ከምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ የባለሙያው ብቻ ሳይሆን የሐኪሙም ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀድሞ እንጨትና ቆዳ ነበር። ቀጥሎ በጨርቅ ላይ የሚፈስ ሬዚን መጣ፤ ጠንካራ ቢሆንም አንዴ ከደረቀ በሙቀት አይለሰልስም። የአካል ተሐድሶ ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በ1980ዎቹ ማብቂያ ፖሊፕሮፒሊንን መረጠ። ሉሁ በምድጃ ሞቆ ሲለሰልስ፣ በታካሚው ልክ በወጣ የጀሶ ቅርጽ ላይ ይለበጣል፤ ከሥሩ ያለው አየር በፓምፕ ሲሳብም ቅርጹን ይይዛል። የጠበበው በሙቀት ይሰፋል፤ የተለያየው ይበየዳል። ከ1995 ጀምሮ አዲስ አበባ በዚህ ጥበብ የአፍሪካ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑባት ከተማ ሆነች። ሥራው በ2004 የዓለም አቀፉን የፕሮስቴቲክስና ኦርቶቲክስ ማኅበር ሽልማት አግኝቷል።

ተራው ፖሊፕሮፒሊን ግን ይለመጣል፤ እንዳይለመጥ ሲወፍር ይከብዳል። መስታወት ክር ቢጨመርበት ይጠነክራል፤ ሲሞረድ ግን ብናኙ ቆዳንና የመተንፈሻ አካልን ይቆጠቁጣል። ፕላስቲክን በራሱ ክር ማጠንከር የሚለውን ሐሳብ ካፒያቲና ፖርተር በ1975 በፖሊኤቲሊን አሳዩ። በ1990ዎቹ ደግሞ በእንግሊዝ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ የእነ ኢያን ዋርድ ቡድን የተሳበና የተሸመነ ክርን በግፊት እያሞቀ፣ የክሩ ገጽ ብቻ ቀልጦ ሙጫ እንዲሆን አደረገ። በዚህ መንገድ የተሠራ የፖሊፕሮፒሊን ሉህ ከተራው በብዙ እጥፍ ግትር ሲሆን ክብደቱ ግን ያው ነው። ዛሬ የጉዞ ሻንጣ ይሠራበታል።

ለእግርስ? የሚያጓጓ ነው፤ እኔ ግን ለልጆች አልቸኩልም። ጥንካሬው ያለው በክሩ መሳብ ላይ ነው። ሙቀቱ ጥቂት ካለፈ ክሩ ይሟሽሻል፤ ሉሁም ወደ ተራ ፕላስቲክነት ይመለሳል። የደሴው ባለሙያ የጠበበውን ለማስፋት የሚጠቀምበት ሙቀት ይህንኑ ጥንካሬ ሊያጠፋ ይችላል። ቅሪት እግሩ ቅርጹን ለጨረሰ ጎልማሳ ቅለቱ ሊመረጥ ይችል ይሆናል። በየጊዜው ለሚያድገው የቦረና ልጅ ግን፣ ከመካነ ሰላም በመጣበት ዕለት ሞቆ፣ ሰፍቶና ቀዝቅዞ አብሮት የሚመለሰው ያው ወፍራም ሉህ ይሻለዋል።