ባለ ሦስት ጥርሱ ቀለበት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ፎቶ አንሺና ስለ መብራቱ ነው። ሰውየው ስም አለው፤ ስሙን ካወጣሁበት ግን ይቀየመኛልና «ልጁ» እያልን እንቀጥል። ልጁ ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ፣ ወርዷ 3 ሜትር ቁመቷ 4 ሜትር የሆነች ክፍል ተከራየ። ፎቶ ቤት ሊከፍት ነው። ጉርድ ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶ፣ ከቀናው ደግሞ የሙሽራ። ካሜራው አለ፣ ሌንሱ አለ፤ የጎደለው መብራት ነው። ገንዘብም አለው፤ ትንሽ ናት እንጂ። ታሪኩን ለመወራት ያበቃውም ይኸው ነው፤ ብር የተረፈው ሰው መብራት ሲገዛ ምን ወሬ አለው? ገብቶ፣ ከፍሎ ይወጣል።

የልጁ ዓይን መጀመሪያ ያረፈው መርካቶ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ባለ ትልቅ ካርቶን ላይ ነው። ሦስት ላይት፣ ሦስት ስታንድ፣ ሁለት ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን)፣ አንድ ጃንጥላ፣ ከነቦርሳው፣ በአንድ ዋጋ። ባለሱቁ «ሙሉ ስቱዲዮ ነው እኮ ወንድሜ! ዛሬ ገዝተህ ነገ ሥራ ነው» ይለዋል። ልጁ ሊከፍል ሲል ልቡ ጠረጠረና አንድ አንጋፋ ፎቶ አንሺ ዘንድ ደወለ። እኒህ ሰው ከፊልም ዘመን ጀምሮ ፒያሳ ላይ ጉርድ ሲያነሱ የኖሩ ናቸው። የሚያውቃቸው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል።

«ጋሼ፣ ሦስት ላይት በአንድ ካርቶን አገኘሁ። ልውሰደው?»

«አፉ ምን ዓይነት ነው?»

«የምኑ አፍ?»

«የላይቱ ነዋ! ሶፍትቦክሱ የሚገጠምበት። ቀለበቱን እየውና መልሰህ ደውል።» ጆሮው ላይ ዘጉበት።

ልጁን እዚያው ካርቶኑ አጠገብ እናቁመውና እኛ ባሕር ተሻግረን እንምጣ፤ የዚህ ቀለበት ነገር ከሩቅ ነው የሚጀምረው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መባቻ አሜሪካ ውስጥ፣ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ሃሮልድ ኤጀርተን የተባለ መሐንዲስ ነበር። የሚያጠናው ፎቶግራፍ አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ነበር። የሚሽከረከር ሞተር ለዓይን ይደበዝዛል። ኤጀርተን በጣም አጭር ብልጭታ ከሞተሩ ዙር ጋር እኩል ሲለቅበት ግን ሞተሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ብቻ አልበቃውም፤ ያገኘውን ሁሉ ያበራበት ጀመር። የወተት ጠብታ ስታርፍ የምትሠራትን ዘውድ በ1957፣ ፖም በስቶ የሚወጣ ጥይት በ1964 ፎቶ አነሳ። ከዚያም በፊት፣ በ1944፣ የኖርማንዲው ዘመቻ ሊጀመር ሲል አውሮፕላኖች የጀርመን ጦር እንቅስቃሴ መኖር አለመኖሩን በድቅድቅ ጨለማ ፎቶ ያነሱት በእሱ ፍላሽ ነው። እንግዲህ የጉርድ ፎቶው መብራት ዘመዶች እነዚህ ናቸው።

አሠራሩ ዛሬም ያው ነው። ከሶኬት የሚመጣው ኮረንቲ ካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከቦኖ የሚንጠባጠብ ውሃ ባልዲውን ሞልቶ በአንዴ እንደ መድፋት ማለት ነው። የሚደፋው ዜኖን የተባለ ጋዝ በታሸገበት የመስታወት ቱቦ በኩል ነው፤ ያኔ ቦግ ይላል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «ዋት ሰከንድ» የሚባለው ቁጥር የባልዲውን ስፋት ነው የሚናገረው። ደግሞ ልብ በሉ፦ ላይቱ ከሶኬት ቢነቀልም ባልዲው ወዲያው አይጎድልም፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ይቆያል። እጠግናለሁ ብሎ በካቻቢቴ የሚከፍት ሰው በሕይወቱ እየተጫወተ ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሻገር። ቦወንስ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1923 ለንደን ውስጥ ካሜራ በመጠገን ተጀመረ። እያደገ ሄዶ የስቱዲዮ ፍላሽ መሥራት ያዘ። ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ ዕድሜ ያገኘችው ግን አንዲት ቀለበት ናት፦ የላይቱ ግንባር ላይ ያለች፣ የሶፍትቦክሱን ሦስት ጥርስ ተቀብላ ትንሽ ሲያዞሯት ቀጭ ብላ የምትቆልፍ። ሌሎቹ ትልልቅ ስሞች፣ የስዊድኑ ፕሮፎቶም የስዊዘርላንዱ ኤሊንክሮምም፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አፍ አላቸው። የእነሱን ላይት የገዛ ሰው ሶፍትቦክሱንም በእነሱ አፍ ልክ ነው የሚገዛው፤ ዋጋውንም እንደዚያው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ቻይና፣ ሼንዠን ከተማ ላይ ጎዶክስ ተቋቋመ። ርካሽ ላይት መሥራት ሲይዝ አዲስ አፍ ልፍጠር አላለም፤ ዓለም የለመደውን የቦወንስን ቀለበት ወሰደ። ሌሎቹም ርካሽ ሠሪዎች እንደዚሁ አደረጉ። ቦወንስ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በሩን ዘጋ። ላይቱን የሚሠራ የለም፤ ቀለበቱ ግን የድሃ ፎቶ አንሺ ሁሉ መግባቢያ ሆኖ ቀረ። ከሞት ወዲያ እንዲህ የተስፋፋ ድርጅት እኔ ሌላ አላውቅም።

ወደ መርካቶ እንመለስ። ልጁ የላይቱን ፊት ቢያየው ቀለበት የሚባል ነገር የለውም። ሶፍትቦክሱ በላስቲክ ነው የሚጠለቅበት። ደወለ።

«በላስቲክ ነው ጋሼ።»

«ተወውና ና!»

ነገሩን ሲያስረዱት ምክንያታቸው ቀላል ነበር። ላይት ይሞታል። ቱቦው ይቃጠላል፣ ካፓሲተሩ ይደክማል፣ ስታንድ ይወድቅና ይከሰከሳል። ጥሩ ሶፍትቦክስ ግን በጥንቃቄ ከያዙት ሁለትና ሦስት ላይት ይቀብራል። በላስቲክ የሚጠለቀው ካርቶን ውስጥ አንዱ ዕቃ ሲበላሽ ሌላው ለምንም አይሆንም። ቀለበት ያለው አንድ ላይት ከገዛህ ዛሬ ሶፍትቦክስ፣ ከርሞ ቢውቲ ዲሽ የሚባለውን ሳህን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጠባብ ጨረር የሚያወጣ ግሪድ እየጨመርክ ትሄዳለህ፤ ሁሉም ያንኑ ቀለበት ያውቃሉ። ለዚህ ነው ጋሼ ከዋጋው በፊት አፉን የጠየቁት። እኔም ብሆን ከዚያ ነው የምጀምረው።

ልጁ ግን ገና አልበረደለትም። ካርቶኑን ከተወ ዘንዳ ትልቁን ልግዛ አለ፤ 600 ዋት ሰከንድ። የፎቶ አንሺ ሁሉ በሽታ ነው፤ ቁጥር ሲያይ ምራቁን ይውጣል።

«ክፍልህ ስንት በስንት ነበር?» አሉት ጋሼ።

«ሦስት በአራት።»

«ሰውየውን ከላይቱ ስንት ሜትር ላይ ልታስቀምጠው ነው? ከነግድግዳው ልታቃጥለው ነው እንዴ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ፤ ታገሡኝ። ከ200 ወደ 400 ዋት ሰከንድ መውጣት ማለት የአንድ ስቶፕ (የብርሃን እጥፍ) ልዩነት ብቻ ነው፤ ኤፍ 8 የነበረው ኤፍ 11 ይሆናል። ዋጋው ግን በአንድ ስቶፕ ብቻ አይወጣም። በዚያ ላይ በጠባብ ክፍል የሚያስቸግረው ላይቱ ምን ያህል ይጨምራል የሚለው አይደለም፤ ምን ያህል ይቀንሳል የሚለው ነው። ሙሽሪትን 1 ሜትር ላይ አስቀምጠህ፣ ከኋላዋ ያለው መጋረጃ እንዲደበዝዝ ሌንሱን ኤፍ 2.8 ድረስ ልትከፍት ብትፈልግ፣ ትልቁ ላይት ዝቅ ብሎ ዝቅ ብሎ እንኳ ፊቷን ያነጣዋል። ሹተሩን ላፍጥነው ብትልም አይሆንም፤ ብልጭታው ሹተሩ ተከፍቶ ሳይዘጋ ያልቃልና ፍጥነቱ አይነካውም፤ ደግሞም ብዙ ካሜራ ከ1/200 ወይም ከ1/250 ካለፈ የፎቶውን ግማሽ ያጠቁረዋል።

ስለዚህ ጋሼ ካርቶኑ ላይ የማይጎላውን ቁጥር አሳዩት። የጎዶክስ ኤስኬ 400 ሁለተኛው ትውልድ 400 ዋት ሰከንድ ነው፤ የሚወርደው ግን እስከ 1/16 ነው፤ ማለትም እስከ 25። የዚያው ድርጅት ኤምኤስ 300 ደግሞ እስከ 1/32 ይወርዳል፤ ከ10 በታች ማለት ነው። ለልጁ ክፍል ትንሹ ይበልጣል። ከ1 ሜትር ተኩል፣ በሶፍትቦክስ ውስጥ፣ ኤፍ 8 ለማግኘት ብዙ ጊዜ የዚህ ላይት ሩብ ኃይል ይበቃል።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ሁሉም ኤልኢዲ ነው የሚገዛው። ዝም ብሎ ይበራል፣ የምታነሳውንም ታየዋለህ» አለ ልጁ። ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ኤልኢዲ ሳይኖረው አይሆንም። ለፎቶ ግን ይህን አስሉ፦ 150 ዋት የሚበላ ኤልኢዲ፣ ሹተሩ በ1/125 ሲከፈት፣ ለዚያች ፎቶ የሚያወጣው 1.2 ዋት ሰከንድ ነው። ኤልኢዲ ከዜኖን ይልቅ ኮረንቲ ቆጣቢ ነው ብንል እንኳ ከፍላሹ 300 ዋት ሰከንድ ጋር ምን ያገናኘዋል? ልዩነቱን በአይኤስኦ ሊሞሉት ነው፤ ወይም ተመራቂው እንዳይተነፍስ ሊለምኑት ነው።

በዚህ መሐል ቨርጂኒያ ያለች የአክስቱ ልጅ ደወለች። «ለገና ስመጣ ያገለገለ ላይት ይዤልህ ልምጣ፤ እዚህ በርካሽ ይሸጣል» አለችው። ልጁ ከደስታው ብዛት ለጋሼ ሊያበስር ሄደ። ጋሼ «ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትላክልህ» አሉት። ላከች፤ ከ110 እስከ 120 ቮልት ላለው ኮረንቲ የተሠራ ነው። የእኛ ግድግዳ 220 ነው የሚሰጠው። ጋሼ ከዚህ በፊት አንድ እንዲህ ያለ ላይት ሰው ሲሰካው ቆመው አይተዋል፤ ፓ! አለና ክፍሉን ጭስ ሞላው። ቮልት ቀያሪ መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን ላይት ባልዲውን ሲሞላ ኮረንቲ የሚጎትተው ባንድ ጊዜ ነውና ለስልክ ቻርጀር የምትሆነዋ ቀያሪ አትችለውም። የሚችለው ደግሞ ከባድ ነው፣ ውድም ነው። ከዱባይ የሚመጣ ቢሆን ቮልቱ ከእኛ ጋር ይስማማል፤ መሰኪያውን ብቻ ማስተካከል ነው። ከአሜሪካ ሲሆን ግን ሳያነቡ መቀበል የለም። አንዳንዱ ሁለቱንም ቮልት ይቀበላል፤ አንዳንዱ አይቀበልም። ጽሑፉ ጀርባው ላይ አለ።

በመጨረሻ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ዕቃውን ሲሸጥ ያገለገለ ኤምኤስ 300 ላይት ተገኘ። ቀለበት አለው፣ ሬዲዮ መቀበያውም ውስጡ አለ። ጋሼ ከልጁ ጋር ሄዱ። በፌስታል የባለቤታቸውን ነጠላ ይዘዋል።

ሻጩ ግራ ገባው። ጋሼ ነጠላውን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፤ ጥበቡ ወደ ታች። ላይቱን ሙሉ ኃይል ላይ አደረጉና ልጁን «አሥር ጊዜ አንሳ፣ ምንም አትንካ። ላይቱ ሞልቶ ጢጥ ሳይል ግን እንዳትተኩስ» አሉት። ከዚያ አሥሩን ፎቶ በካሜራው ስክሪን ላይ አጉልተው፣ የነጠላውን ጠርዝ እያዩ ማገላበጥ ያዙ። ነጭ ሸማ ውሸት አይችልም። ብርሃኑ ልክ ሲሆን የፈትሉ ድርና ማግ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ላይቱ ትንሽ ሲያበዛ ድሩ ይጠፋና ሸማው ወረቀት ይሆናል። ሰባተኛው ፎቶ ላይ ቆሙ። ትንሽ ደብዝዟል። «እዚህ ጋ ቸኩለሃል» አሉት። ልጁ እንደገና ሞከረ፤ ተስተካከለ። ቱቦውን አዩት፤ ሁለቱ ጫፎቹ ትንሽ ጠቁረዋል፤ መሐሉ ግን ጥርት ያለ ነው። አየር ማራገቢያውን ጆሮ ሰጥተው ሰሙት። ሻጩን ምን ያህል ጊዜ ሳይሠራ እንደቆየ ጠየቁት፤ «ክረምቱን ሙሉ» አለ። «እንግዲያው» አሉ ወደ ልጁ ዞረው፣ «ቤት ስትወስደው በትንሹ ኃይል ጀምርና ቀስ እያልክ ውጣ። ካፓሲተር ከከረመ በኋላ በአንዴ ሲያስጨንቁት አይወድም።» ዋጋውም ለጠቆረው የቱቦ ጫፍ ትንሽ ተቀነሰ።

ልጁ በተረፈው ገንዘብ ትልቅ ባለ ስምንት ማዕዘን ሶፍትቦክስ፣ ለካሜራው የሚሆን፣ ላይቱን በሬዲዮ የሚያስተኩስ ትሪገርና ስታንዱ እንዳይወድቅ የአሸዋ ከረጢት ገዛ። በትሪገሩ ነገር ልጁ ተከራክሮ ነበር፤ «ላይቱ የሌላ ፍላሽ ብልጭታ ሲያይ ራሱ ይተኩስ የለ?» ብሎ። ይተኩሳል። ሠርግ ላይ ደግሞ የሌላው ፎቶ አንሺ ሁሉ ፍላሽ ያስተኩሰዋል፤ የአንተ ተራ ሲደርስ ባልዲው ባዶ ነው። ሬዲዮ ይሻላል። ሁለተኛ ላይት አልገዛም፤ በእሱ ፋንታ ብርሃን እንዲመልስለት ነጭ ፎም ከተነሺው ጉንጭ ወዲያ ማዶ አቆመ። ለጉርድና ለምረቃ ፎቶ ያ ይበቃል፤ ይበቃል ብዬ እከራከራለሁ።

ሁለተኛው ላይት ሲመጣ ባትሪ ያለው እንዲሆን ተስማምተዋል። መብራት ሲጠፋ ተመራቂው ጋውኑን ለብሶ አይጠብቅም። የጎዶክስ ኤዲ 200 በአንድ ባትሪ በሙሉ ኃይሉ 500 ጊዜ ያህል ይተኩሳል፤ ያንኑ ትሪገር ያውቃል፤ በትንሽ መያዣም ያንኑ ቀለበት ይቀበላል። ዋጋው ግን ሌላ ነው።

ሥራ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች መጡ፣ ተነሱ፣ ፎቷቸውን አዩ። አንዷ «ለምንድነው ጉንጬ አረንጓዴ የሆነው?» አለች። ልጁ ላይቱን ጠረጠረ፤ ጋሼ ግን ገና ከበሩ ሳይገቡ ሳቁ። የክፍሉ ግድግዳ ዙሪያውን አረንጓዴ ቀለም ነው። በጠባብ ክፍል ብርሃን ግድግዳ ሳይነካ አይመለስም፤ የነካውን ቀለም ይዞ ፊት ላይ ያርፋል። የትኛውም ላይት፣ የስዊድኑም ቢሆን፣ ከዚህ አያድንም።

ልጁ አከራዩን እትዬን ሊለምን ሄደ።

«እትዬ፣ ግድግዳውን ነጭ ልቀባው?»

«ምነው፣ ይሄ ቀለም ምን አደረገህ? ዓምና ነው እኮ ያስቀባሁት!»

«ፎቶው ላይ አረንጓዴ እያደረገ ነው።»

እትዬ ትንሽ አሰቡ። ልጃቸው በዚህ ዓመት ተመራቂ ናት። እሷንና ቤተሰቡን በነፃ የሚያነሳ ከሆነ፣ ፎቶውንም ከነፍሬሙ የሚሰጥ ከሆነ፣ ቀለሙን መቀየር ይችላል አሉት። ተስማሙ። ቀለሙን ግን ልጁ ነው የገዛው።