ፎቶግራፍ መቁረጥ የመልክዓ ምድርን ምስል እንዴት ይለውጣል?

ፎቶግራፍ መቁረጥ፣ በተለምዶ «ክሮፕ ማድረግ» የሚባለው፣ ከተነሣ ምስል ላይ የማይፈለገውን ጠርዝ አስወግዶ የሚፈለገውን ክፍል ማስቀረት ነው። ሥራው በእጅ ስልክ ላይ በጥቂት ሰከንዶች ይጠናቀቃል። ይሁን እንጂ ጠርዙ የት ላይ እንደሚያርፍ መወሰን፣ ተመልካቹ ስለ ቦታው ምን እንደሚረዳ መወሰን ጭምር ነው።

የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። በአካባቢው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በአገር በቀል ዛፎች ተከብበው ይገኛሉ፤ ከዛፎቹ ውጭ ያለው መሬት ግን በአብዛኛው የእርሻ ማሳና የግጦሽ ቦታ ነው። ከፍ ካለ ስፍራ የተነሣ ፎቶግራፍ ከዛፎቹ ጠርዝ ወደ ውስጥ ቢቆረጥ፣ ተመልካቹ ሰፊና ጥቅጥቅ ያለ ደን ያየ ይመስለዋል። ማሳው በምስሉ ውስጥ እንዲቆይ ከተደረገ ግን ያው ደን በታረሰ መሬት መካከል እንደ ደሴት ብቻውን ቆሞ ይታያል። ሁለቱም ምስሎች ከአንድ ፎቶግራፍ የወጡ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን የተለያየ ነው።

ሰማይና መሬት

በመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ቀዳሚው ጥያቄ የአድማሱ መስመር የት ይረፍ የሚለው ነው። ሩዝ በሚመረትበት የፎገራ ሜዳ የተነሣ ምስል ግማሹ ሰማይ፣ ግማሹ ማሳ ከሆነ፣ የተመልካቹ ዓይን በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ ይቸግረዋል። ከሰማዩ ተቆርጦ ማሳው ሁለት ሦስተኛውን ቦታ ሲይዝ ሰብሉ ዋናው ጉዳይ ይሆናል። በአንጻሩ የክረምቱን ደመና ማሳየት ከተፈለገ ከታች ያለውን መሬት መቀነስ ይገባል። ይህ መመሪያ እንጂ የማይጣስ ሕግ አይደለም፤ ተራራው በረጋ የጣና ውኃ ላይ ጥላውን ሲጥል አድማሱን መሐል ላይ ማድረግ ያምራል።

የምስሉ ቅርጽም የራሱ ድርሻ አለው። በአግድም የረዘመ ቅርጽ የሰሜን ተራሮችን ሰንሰለት ስፋት ያጎላል። በቁመት የረዘመው ደግሞ የገደሉን ጥልቀት ያሳያል።

መጠንን የሚያሳዩ ነገሮች

በጠርዝ ላይ የቆመ እረኛ፣ ጎጆ ወይም በሬ አላስፈላጊ መስሎ ሊቆረጥ ይችላል። ሆኖም የተራራውን ከፍታ ወይም የሸለቆውን ስፋት ለመገመት የሚያስችለው ብዙውን ጊዜ መጠኑ የሚታወቅ እንዲህ ያለ ነገር ነው። እርሱ ሲወገድ ጥልቁ ቦረቦርና ትንሿ የውኃ መውረጃ ቦይ በምስል ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

ፎቶግራፉ ማስረጃ ሲሆን

አርሶ አደሮች የጎርፍ፣ የበረዶ ወይም የአፈር መሸርሸር ጉዳትን ለማሳየት ፎቶግራፍ ሲያነሡ አቆራረጡ ከውበት ያለፈ ጉዳይ ይሆናል። የተጎዳው ቦታ ብቻ ተቆርጦ ከቀረ ጉዳቱ ከማሳው ምን ያህሉን እንደነካ አይታወቅም። ጎርፉ የመጣበት የተራቆተ ተዳፋት ከምስሉ ከወጣ ደግሞ የችግሩ መንስኤ ይሰወራል።

በተፋሰስ ሥራ ላይም «በፊት» እና «በኋላ» ተብለው የሚቀርቡ ሁለት ምስሎች የሚነጻጸሩት ከአንድ ቦታና አቅጣጫ ተነሥተው በተመሳሳይ ልክ ሲቆረጡ ብቻ ነው። አንደኛው ይበልጥ ተጠግቶ ከተቆረጠ ቦረቦሩ ሳይሰፋ የሰፋ፣ እርከኑ ሳይበዛ የበዛ ያስመስላል።

የጥራት ጉዳይ

መቁረጥ የምስሉን ጥራትም ይቀንሳል። በአግድም 4000፣ በቁመት 3000 ነጥቦች ያሉት ፎቶግራፍ በጠቅላላው 12 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት። ስፋቱም ቁመቱም በግማሽ ሲቆረጥ የሚቀረው 3 ሚሊዮን፣ ማለትም ሩብ ብቻ ነው። ይህ በስልክ ለማየት ይበቃል፤ ለትልቅ የግድግዳ ኅትመት ግን ያንሳል።

ስለዚህ ሲነሣ ጥቂት ትርፍ ቦታ መተው፣ ከመቁረጥ በፊትም ዋናውን ፎቶግራፍ ሳይነካ ማስቀመጥና በቅጂው ላይ መሥራት ይመከራል። ምስሉ ለማስረጃነት የሚቀርብ ከሆነ ያልተቆረጠውን አብሮ ማቅረብ ይገባል።