እንስት ወፍና የስሟ ታሪክ

በቋንቋችን ወፍ ሲነሣ አነጋገሩ ብዙውን ጊዜ በሴት ነው፤ «ወፏ በረረች፣ ወፏ ዘመረች» እንላለን እንጂ ተባዕት ትሁን እንስት አንመረምርም። የአዕዋፍን ስም በመጽሐፍ የመዘገቡት የአውሮፓ ሊቃውንት ግን በተቃራኒው ሄደዋል። ስሙንም ሥዕሉንም በብዙ ስፍራ የሰጡት ላሸበረቀው ተባዕት ነው። እንስቲቱ ላባዋ የአፈር ወይም የደረቀ ሣር መልክ ያለው ሲሆን ወይ ትዘለላለች፣ ወይም እንደ ሌላ ወገን ትቈጠራለች። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 ዓ.ም. ባሳተመው የፍጥረት መዝገብ አንዱን የዱር ዳክዬ በሁለት ስም፣ እንደ ሁለት ልዩ ልዩ ወገን አድርጎ ጻፈው። ራሱ አረንጓዴ የሆነው ተባዕትና ቡናማዋ እንስት በአንድ ኩሬ አብረው ሲዋኙ ያገሩ ገበሬ ሁሉ ያያቸው ነበር።

ከዚህም የሚያስደንቀው በኒው ጊኒና በአካባቢዋ ደሴቶች የሚኖረው ኤክሌክተስ የተባለው በቀቀን ነገር ነው። ተባዕቱ እንደ ለምለም ቅጠል አረንጓዴ፣ እንስቲቱ ግን ደማቅ ቀይ ናት። ስለዚህ ለብዙ ዘመን ሁለት ወገን ሆነው ተቈጠሩ። በ1874 ዓ.ም. አዶልፍ በርንሐርት ማየር የተባለው ጀርመናዊ፣ አረንጓዴዎቹ ሁሉ ተባዕት፣ ቀዮቹ ሁሉ እንስት መሆናቸውን አስታወቀ፤ ያላመኑትም ብዙዎች ነበሩ። የመልካቸው ምክንያት እስኪገለጥ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። ሮበርት ሃይንሶንና ጓደኞቹ በሰሜን አውስትራልያ ደን ለብዙ ዓመታት ተከታትለው በ2005 ዓ.ም. እንደ ጻፉት፣ እንስቲቱ መልካም የዛፍ ፍልፍል ብርቅ ስለ ሆነ እርሱን ይዛ ለብዙ ወራት አትለቅም፤ ቅላቷም ፍልፍሉ ባለቤት እንዳለው ለሌሎች ያስታውቃል። ምግብ የሚያመላልሰው ተባዕት ግን ከቅጠሉ ጋር ተመሳስሎ ከጭልፊት ይሰወራል።

እንደ አስተያየታችን የቀድሞው ስሕተት አንዱ ምክንያት ጠመንጃ ነው። አዳኝ የሚተኩሰው ዓይኑን በሳበው ላይ ነውና። በ2019 ዓ.ም. የአምስት ታላላቅ ቤተ መዘክሮች ስብስብ ሲመረመር ከወፎቹ እንስቶቹ 40 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ለየወገኑ ስም መሠረት ከሆኑት ናሙናዎች መካከልማ 27 በመቶ ብቻ ነበሩ። ካሜራ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። በእንግሊዝ አገር ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ ወንድማማቾች በ1892 ዓ.ም. የወፍ ጎጆ ከነእንቍላሉ ፎቶግራፍ አነሡ፤ ኋላም ወፎች እንዳይሸሿቸው በሬ መስሎ በተሠራ ቆዳ ውስጥ እስከ መደበቅ ደረሱ። ወደ ጎጆ የሚሄድ ካሜራ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የታቀፈችውን እንስት ነው።

ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የምትፈለፈል፣ ክንፏ ወርቅማ የሆነ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፤ ክረምቱን በመካከለኛው አሜሪካና በደቡብ አሜሪካ ሰሜን ታሳልፋለች። በዚያም ተባዕቶቹ በከፍተኛው ተራራ ደን፣ እንስቶቹ ዝቅ ባለው ስፍራ እንደሚቀመጡ፣ የእንስቶቹም ደን በበለጠ ፍጥነት እየተመነጠረ እንደ ነበር በ2019 ዓ.ም. ተጽፏል። ተባዕቱን ብቻ እያየ ደን የሚከልል ሰው የእናቲቱን ስፍራ ለመጥረቢያ ይተዋል።

በአገራችንም የእንግሊዙ መልእክተኛ ሄንሪ ሶልት በ1814 ዓ.ም. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የሳይንስ ስሟን ያገኘች፣ በተከዜ ወንዝ የምትጠራ የአበባ ማር መጣጭ ወፍ አለች። ባለፈው መስከረም አንድ እሑድ ጧት በጓሯችን አበባ አጠገብ ካሜራ ይዘን ተቀመጥን። ተባዕቱ ፀሐይ ሲያገኘው ወይን ጠጅ እየመሰለ ሲያብረቀርቅ ሠላሳ ያህል ፎቶግራፍ አነሣን፤ አብራው የመጣችውን ግራጫማ ወፍ ግን «ድንቢጥ ናት» ብለን ተውናት። ማታ ፎቶግራፉን አጕልተን ስንመለከት ከአንዱ ጥግ ላይ አገኘናት፤ ምንቃሯ እንደ ድንቢጥ አጭር ሳይሆን እንደ ባልዋ ረጅምና ቆልማማ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ተመልሰን ተቀመጥን። ወደ ጎጆዋ አልቀረብንም፤ የደነገጠች እናት ጫጩቶቿን ጥላ ልትሄድ ትችላለችና። ምንቃሯም ጅራቷም በአንድነት በጎን እስኪታዩ ድረስ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ዐሥራ አንድ ፎቶግራፍ አነሣን፤ ሁለቱ ጥሩ ወጡ።