የፊት ሽባነትና መንስኤዎቹ

በአገራችን የአንድ አዛውንት አፍ በድንገት ወደ አንድ ጎን ሲጣመም «መጋኛ መታው» ወይም «ብርድ መታው» ይባላል። የአውሮፓ ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን ከዚህ ብዙ አልራቁም፤ ደዌውን የነፋስ ሽውታ ያመጣዋል ይሉ ነበርና።

በዚህ አንድ ስም ሥር የተለያዩ ደዌዎች መኖራቸውን ቀድመው ከተረዱት አንዱ፣ በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት የኖረው የፋርስ ሐኪም አል ራዚ ነው፤ ከአንጎል የሚመጣውን ከነርቭ ጉዳት ለመለየት ሞክሯል። የነርቩ ተግባር የታወቀው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው። የኤዲንብራው ተወላጅ ቻርልስ ቤል እ.ኤ.አ. በ1821 ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ፣ የአህያ የፊት ነርቭ ሲቆረጥ በዚያ ወገን ያለው የአፍንጫ ቀዳዳ መንቀሳቀስ እንደሚያቆም አሳየ። ስለ አምስተኛው ነርቭ የሰጠው ትርጓሜ ግን የተምታታ ነበር፤ በ1822 ኸርበርት ማዮ የፊት ቆዳን ስሜት የሚሸከመው አምስተኛው፣ የፊትን ጡንቻዎች የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ሰባተኛው መሆኑን ግልጽ አደረገ። ደዌው እስከ ዛሬ በቤል ስም ይጠራል፤ ማዮን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

የነገሩ ቍልፍ የነርቩ መንገድ ነው። ጣሊያናዊው ጋብርኤሌ ፋሎፒዮ በ16ኛው መቶ ዓመት የገለጸውና በጆሮ ዙሪያ ባለው አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ቦይ ርዝመቱ 3 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ እጅግ በጠበበበት ስፍራ ስፋቱ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በቧንቧ ሥራ ለሰለጠነ አንባቢ የቀረው ግልጽ ነው። ግድግዳው አጥንት ስለሆነ አይለጠጥም፤ ያበጠ ነርቭ መስፋፊያ አጥቶ ይጨመቃል፣ ደሙም ይታገዳል።

የሚያሳብጠው ምንድን ነው? አሜሪካዊው ጀምስ ራምሴ ሃንት በ1907 በጆሮ ላይ ከሚወጣ ውሃ ቋጣሪ ሽፍታ ጋር የሚመጣውን ሽባነት ለየ፤ ምንጩ የአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ ነው፤ እርሱም በእርጅና የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነሣል። በ1996 የጃፓን ተመራማሪዎች በቤል ሽባነት ከተያዙ 14 ሕሙማን በ11ዱ የነርቭ ፈሳሽ ውስጥ የኸርፒስ ቫይረስ አሻራ አገኙ። በ2007 የታተመው የስኮትላንድ ጥናት ደግሞ፣ ፕሬድኒሶሎን በ72 ሰዓት ውስጥ ከጀመሩት 94.4፣ ካልወሰዱት 81.6 በመቶ በ9 ወር ፈጽሞ መዳናቸውን አስረዳ።

በአዛውንት ዘንድ ግን «የቤል ሽባነት ነው» ብሎ መተው አደገኛ ነው። በሳምንታት ቀስ በቀስ የሚብሰው ሽባነት በምራቅ ዕጢ ላይ የበቀለ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ድንገተኛው ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ግንባር ከሁለቱም የአንጎል ወገን ትእዛዝ ስለሚቀበል፣ በስትሮክ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ መሸብሸቡን አይተውም፤ አፍ ብቻ ይወርዳል። ነርቩ ሲጎዳ ግን የግንባሩም መሥመር ይጠፋል፣ ዓይንም አይከደንም። ልዩነቱን ሐኪም ያረጋግጠዋል፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው የስትሮክ መድኃኒት ግን ዘወትር የሚሰጠው ምልክቱ ከታየበት አንሥቶ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።